በየ23 ሰከንዱ ራሱን የሚያስነሳው ኮምፒውተር

ሰዎች ስለ ኮምፒውተር በሚረዳዱበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄዬን የጻፍኩት ቅዳሜ ሌሊት ነው። በዚያው ምሽት የቤታችን ኮምፒውተር ላይ አንድ ፀረ-ቫይረስ ጭኜ ነበር። ጭነቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንዲነሳ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ ፈቀድኩ። ከዚያ ወዲያ ዊንዶውስ አልተከፈተም። የአምራቹ ምልክት ይመጣል፣ ከሥሩ ትናንሾቹ ነጠብጣቦች በክብ ይሽከረከራሉ፣ ስክሪኑ ለቅጽበት ሰማያዊ ሆኖ ይጨልማል፣ ከዚያ ያው ምልክት ተመልሶ ይመጣል። በሰዓት ስለካው ከምልክቱ እስከ ጨለማው 23 ሰከንድ ነው። ዲስኩ ላይ እህቴ ለመመረቂያዋ የጻፈቻቸው አራት ምዕራፎች አሉ፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የላቸውም። እሷ ተኝታለች፤ የሆነውንም ገና አልሰማችም።

ለሰዎቹ ያቀረብኩት ጥያቄ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ሶፍትዌር መጫኔን፣ ኮምፒውተሩ ራሱን እየደጋገመ ማስነሳቱን ገልጬ መፍትሔ ጠየቅሁ። ምን ዓይነት ሶፍትዌር እንደሆነ፣ ዊንዶውሱ ስንት እንደሆነ፣ ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ አልጻፍኩም። ከታች የምተርካቸው መልሶች ብዙ የተንከራተቱት በዚህ ጉድለት ምክንያት ነው።

1ኛው መልስ ከአስር ደቂቃ በኋላ መጣ። ጸሐፊው በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶኝ መልሶ ጠየቀኝ፦ የተጫነው ምንድን ነው፣ የዊንዶውሱ ስሪት ስንት ነው፣ ኮምፒውተሩ ዳግም የሚነሳው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው ወይስ በተለያየ ጊዜ፣ ከመጨለሙ በፊት የሚታይ ጽሑፍ አለ ወይ። ያን ሌሊት አራቱም ጥያቄዎች አታካች ሆነውብኝ ነበር። አሁን ሳስበው መንገዱን ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ያሳየኝ ይህ ሰው ነው።

2ኛው አንድ መስመር ነበር። ዲስኩን ፎርማት አድርጌ፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ ጠርጌ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ እንድጭን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም እንደምገላገል መከረኝ።

3ኛው መልስ ለእኔ ሳይሆን ለሁለተኛው የተጻፈ ነው፤ ቁጣው ከፊደሎቹ ይነበባል። የሰው ዲስክ ላይ ምን እንዳለ ሳይጠይቁ ፎርማት ማዘዝ ምክር ሳይሆን ጥፋት መሆኑን ጻፈ። ከዓመታት በፊት እሱ ራሱ እንዲህ ያለ ምክር ሰምቶ የልጁን የመጀመሪያ ዓመት ፎቶግራፎች በሙሉ አጥቷል። ወደ እኔ ዞሮም ኮምፒውተሩ መነሳት አለመቻሉ ፋይሎቹ ጠፍተዋል ማለት እንዳልሆነ አስረዳኝ። ዊንዶውስ መከፈት ቢያቅተውም ሰነዶቹ ዲስኩ ላይ በቦታቸው ተቀምጠዋል፤ የሚጠፉት በላያቸው ላይ ሌላ ነገር ሲጻፍባቸው ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው እጄ መንቀጥቀጥ ያቆመው።

4ኛው ነገሩን ወደ ኤሌክትሪኩ ወሰደው። ራሱን ዳግም የሚያስነሳ ኮምፒውተር ሁሉ የሶፍትዌር በሽተኛ አይደለም አለ። የራሱ ኮምፒውተር ጨዋታ በጫነ ማግስት መጥፋትና መነሳት ጀምሮበት ሁለት ሳምንት ጨዋታውን ሲወነጅል ከርሟል። በኋላ ክዳኑን ሲከፍት ኤሌክትሪኩን በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ፣ አናታቸው ያበጠ ሁለት የኤሌክትሪክ ክፍሎች አገኘ። ያስተማረኝ መለያ ግን ወርቅ ነው፤ ጥፋቱ የሶፍትዌር ሲሆን ኮምፒውተሩ የሚወድቀው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ሲደርስ ነው፤ የኃይል ወይም የሙቀት ሲሆን ግን ጊዜውን አይጠብቅም፣ ዊንዶውስ ገና ሳይጀምርም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ባዮስ ወደሚባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ገብቼ፣ ምንም ሳልነካ፣ ኮምፒውተሩን ለግማሽ ሰዓት እንድተወው ነገረኝ። ባዮስ ዊንዶውስንም ሆነ በላዩ የተጫነውን ሶፍትዌር አይነካም፤ እዚያ ላይ እያለ ከጠፋ ተጠያቂው ሌላ ነው።

5ኛው የእኔ ነው። ለ40 ደቂቃ ባዮስ ላይ ትቼው አንዴም እንዳልጠፋ፣ ዳግም የሚነሳው ምንጊዜም ከ23 ሰከንድ በኋላ እንደሆነ፣ ስርዓተ ክወናው ዊንዶውስ 10 እንደሆነ ጻፍኩ። ስለ እህቴ ምዕራፎችም የተናገርኩት እዚህ ላይ ነው።

6ኛው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 8 የሚለውን ቁልፍ ደጋግሜ እንድጫንና ሴፍ ሞድን፣ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ክፍሎች ብቻ የሚነሳበትን መንገድ፣ እንድመርጥ መከረኝ። ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣም።

ለምን እንዳልመጣ የነገረኝ 7ኛው ነው። የኤፍ 8 መንገድ እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ የሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን አስቀድሞ ካልተከፈተ በስተቀር ዝግ ነው። በአሁኖቹ ስሪቶች ዊንዶውስ ራሱ በተከታታይ ሁለት ጊዜ መነሳት እንዳቃተው ሲያይ በሦስተኛው ወደ ማገገሚያው ገጽ ይገባል። ካልገባም ነጠብጣቦቹ መሽከርከር ሲጀምሩ የማብሪያውን ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፣ ይህንንም ሁለት ጊዜ ማድረግ ነው። ገጹ ሲመጣ ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሪስታርት። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ከ1 እስከ 9 የተቆጠረ ዝርዝር ያሳያል፤ 4 ሴፍ ሞድ ነው፣ 9 ደግሞ ከውድቀት በኋላ በራስ መነሳትን ይከለክላል።

ይህ ሰው ቀጥሎ የጻፈው ነገር ለእኔ የጠቅላላው ውይይት ልብ ነው። ኮምፒውተሩ ዳግም የሚነሳው ስለታዘዘ ነው። ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ሲገጥመው ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ፣ የሆነውን መዝግቦ፣ ራሱን እንዲያስነሳ ሆኖ ከመነሻው ተስተካክሏል። አንዴ ብቻ ለሚደርስ ስህተት ይህ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ሥራውን ይቀጥላል። ስህተቱ መነሻው ላይ ሲሆን ግን ያው ዝግጅት መልእክቱን ሳይነበብ እየጠረገ ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማስቆምና ማንበብ እንጂ መጠገን አይደለም።

8ኛው በዚህ ላይ ተጨነቀ። በኃይል ማጥፋት ዲስክን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሌላ ኮምፒውተር ካለ በፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ማዘጋጀትና ከመጫኛው ገጽ ግርጌ ያለውን የጥገና አማራጭ መክፈት የበለጠ ደህና እንደሆነ ጻፈ። እውነት አለው። እኔ ግን ሌላ ኮምፒውተር አልነበረኝም፤ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው።

ስልክ ብቻ እንዳለኝ ስጽፍ በ9ኛው መልስ አንዲት ሴት ያላሰብኩትን መላ ሰጠችኝ። የስልኬን ካሜራ ወደ ስክሪኑ አዙሬ በዝግታ በሚቀርጸው መንገድ እንድቀርጽ፣ ከዚያ ቪዲዮውን በጣቴ ቀስ እያልኩ እንድገፋ ነገረችኝ። ዓይን የማይዘው ካሜራ ይይዘዋል።

ስልኩን በሁለት መጻሕፍት መሀል አቆምኩት። ክፍሉ ጨለማ ነበር። 23ኛው ሰከንድ ሲደርስ ሰማያዊው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ቪዲዮውን ስገፋው መጀመሪያ የተደበላለቀ ብርሃን፣ ከዚያ ያዘነው ፊት ግማሹ፣ ከዚያ አንድ ጥርት ያለ ምስል መጣ። ከታች፣ ከትንሹ ካሬ ምልክት ጎን፣ በቀጫጭን ነጭ ፊደላት የስህተቱ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ የወደቀው ፋይል ስም አለ፣ መጨረሻው ነጥብ ሲስ የሚል። ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። 10ኛው መልስ ይህ የፋይል ስም ነው።

11ኛው ሰው ፋይሉን ወዲያው አወቀው፤ የጸባዩ ስለት ግን ትንሽ አልነበረም። የጠቀስኩት ፋይል ድራይቨር እንደሆነ፣ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር መሀል ገብቶ የሚፈትሽ የፀረ-ቫይረስ ክፍል እንደሆነ ጻፈ። ከዚያም እስካሁን ስሙን የደበቅሁት ሶፍትዌር ፀረ-ቫይረስ መሆኑን ለምን ከፋይል ስም ላይ እንዲገምት እንዳደረግሁት፣ ከእሱ በፊት የተጫነ ሌላ ፀረ-ቫይረስስ ኖሮ እንደሆነ ጠየቀ። ግማሽ ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው የሌሎችን ሌሊት እንደሚያባክንም ጨመረበት።

በ12ኛው ይቅርታ ጠየቅሁ። ነበረ። የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈ አሮጌ ፀረ-ቫይረስ ሳላነሳው አዲሱን በላዩ ጭኛለሁ።

13ኛው ዘለግ ያለ ነው፤ የጻፈውም ለማስተማር የሚደሰት ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ተራ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ ሲበላሽ ብቻውን ይዘጋል፤ ከሌላው ታጥሮ ስለሚሠራ። ድራይቨር ግን የሚሠራው በስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ከርነል በሚባለው ውስጥ ነው። እዚያ የተሳሳተ እርምጃ ከተወሰደ ዊንዶውስ የፋይሎችን ደህንነት ለመጠበቅ ሆን ብሎ ሁሉንም ነገር ያቆማል። ሁለት ፀረ-ቫይረሶች እዚያ ሲገናኙ አንዱ ሊፈትሽ የያዘውን ሌላው ይይዛል፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ ጥቃት ሊያየው ይችላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው መከላከያ ሌላ ፀረ-ቫይረስ ሲጫን ቦታውን ይለቃል፤ ከውጭ የመጡ ሁለቱ ግን እርስ በርስ ቦታ አይለቃቀቁም። ከዚያም እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነውን አስታወሰን። የክራውድስትራይክ ኩባንያ የደህንነት ሶፍትዌር አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ ተቀብሎ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒውተሮች እንደ እኔው በሰማያዊ ስክሪንና በዳግም መነሳት ተያዙ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ኩባንያው ማሻሻያውን በ78 ደቂቃ ውስጥ አንስቶታል፤ ግን መነሳት ያቃተው ኮምፒውተር እርማቱን ከየት ይቀበላል? በየቢሮው ባለሙያ እየዞረ፣ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ በሴፍ ሞድ እያስነሳ፣ አንዱን ፋይል መሰረዝ ነበረበት።

ከ14 እስከ 18 ያሉት መልሶች ከእኔ ኮምፒውተር ርቀው ሄዱ። አንዱ ያ ጥፋት የማይክሮሶፍት ማሻሻያ እንደነበረ ተናገረ፤ ሌላው አረመው፣ ማሻሻያው የክራውድስትራይክ እንጂ የማይክሮሶፍት እንዳልነበረ። ሦስተኛው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ስርዓተ ክወና የሚጠቀም ሰው እንዲህ ያለ መከራ እንደማያውቅ ጻፈና ክርክሩ ተቀጣጠለ፤ ሊኑክስ ላይም የከርነል ሞጁል ሲበላሽ መነሳት እንደሚከለክል የራሱን ገጠመኝ ያስረዳ ሰው ተነሳ። 18ኛው ብቻ ጠቃሚ ነገር ወረወረ፤ ማይክሮሶፍት በዚያ ቀን አንዳንድ ኮምፒውተሮች እስከ 15 ጊዜ ዳግም ሲነሱ እንደተስተካከሉ ተናግሮ ነበር፤ እርማቱን ከኢንተርኔት ለማውረድ የምትበቃ ቅጽበት ሲያገኙ ማለት ነው። የእኔ ግን በዚያ ሌሊት ከመቶ ጊዜ በላይ ተነስቷል። የሚወርድለት እርማት አልነበረም።

19ኛው የመጀመሪያው መልስ ጸሐፊ ነው። እስካሁን ዝም ብሎ ሲከታተል ቆይቶ፣ አንድ ሰው የእህቱን ጽሑፍ ይዞ ቁጭ ባለበት ስለ ሊኑክስ መጨቃጨቅ ተገቢ እንዳልሆነ በለዘበ ቃል አሳሰበና ሁሉንም ወደ ጉዳዩ መለሰ።

20ኛው በማገገሚያው ገጽ ያለውን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ የድራይቨሩን ፋይል ስም እንድቀይር አዘዘኝ፤ ፋይሉ ካልተገኘ አይጫንም የሚል ሐሳብ ነው። 21ኛው ከለከለኝ፤ እሱን ሰምቼ በመታቀቤ ደስ ይለኛል። ድራይቨሩ በዲስኩ ወይም በኪቦርዱ መንገድ ላይ በማጣሪያነት ተመዝግቦ ከሆነ ፋይሉን ብቻ ማጥፋት መዝገቡን አያጠፋም፤ ዊንዶውስ የተመዘገበውን ማጣሪያ ፈልጎ ሲያጣ ዲስኩን ራሱን መክፈት ሊያቅተው ይችላል፣ ያኔ ችግሩ ሁለት ይሆናል። ሌላም አስጠነቀቀኝ፦ በትእዛዝ መስኮቱ ውስጥ የዲስክ ፊደላት ስለሚቀያየሩ ዘወትር ሲ የምንለው ክፍል ዲ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሳያረጋግጡ ትእዛዝ መጻፍ ሌላ ክፍል ላይ መጻፍ ነው።

22ኛው ዲስክን በምስጢር ቁልፍ ስለሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ስለ ቢትሎከር፣ ጠየቀ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የማገገሚያው ገጽ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው መቆለፉን እንኳን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት መለያው ውስጥ ስለሚቀመጥ ከስልክ ገብቶ ማየት ይቻላል። የእኛ አልተቆለፈም ነበር።

ሊነጋ ሲል 7ኛው ባለኝ መንገድ ገባሁ። ዊንዶውስ መጀመሪያ ራሱን ለመጠገን ሞክሮ እንዳልቻለ አስታወቀኝ፤ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስን ነካሁ። ዝርዝሩ መጣ፣ 4ን ተጫንኩ። 23 ሰከንድ አለፈ። 30 አለፈ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ በአራቱም ማዕዘን ሴፍ ሞድ የሚል ጽሑፍ ይዞ ተከፈተ። ከሁሉ በፊት ያደረግሁት ፍላሽ ሰክቼ የእህቴን ምዕራፎች መቅዳት ነው። አራቱንም ከፍላሹ ላይ ከፍቼ የመጨረሻ ገጾቻቸውን አየሁ። አራተኛው ምዕራፍ መሀል ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሚያበቃው፤ ደንግጬ ነበር፣ ግን እሷ ራሷ እዚያ ላይ አቁማ ኖሯል።

ቀጥሎ አዲሱን ፀረ-ቫይረስ ላነሳው ሞከርኩ። እምቢ አለኝ፤ የማራገፊያው አገልግሎት ሥራ ላይ እንዳልሆነ ተናገረ። 23ኛው መልስ ይህ ሪፖርቴ ነው።

24ኛው ይህ የተለመደ እንደሆነ አጽናናኝ። ዊንዶውስ ኢንስቶለር የሚባለው አገልግሎት በሴፍ ሞድ አይነሳም፤ በእሱ የተጫነን ሶፍትዌር በዚያ ለማራገፍ የሚሞክር ሁሉ ይኸው ይገጥመዋል። የመከረኝ ወደ ማገገሚያው ገጽ ተመልሼ ሲስተም ሪስቶርን እንድጠቀም ነው። ይህ መሣሪያ የስርዓቱን ፋይሎች፣ ድራይቨሮችንና የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ ቀድሞ ወደነበሩበት ቀን ይመልሳል፤ ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን አይነካም።

25ኛው ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ይህ ጥበቃ ተዘግቶ ስለሚገኝ የመመለሻ ነጥብ ላይኖር ይችላል። ትክክል ነው፣ በብዙዎች ዘንድ የለም። በእኛ ኮምፒውተር ግን አንድ ነጥብ ተመዝግቦ አገኘሁ፤ ቀኑ የዚያው ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ጭነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ደቂቃ በፊት። አዲሱ ፀረ-ቫይረስ ራሱ ከመጫኑ በፊት ያስቀመጠው ነው።

መመለሱ ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጀ። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም ማብሪያውን ለመንካት እጄ ሄዶ ነበር፤ መሀል ላይ ማቋረጥ ግን ከሁሉ የከፋው ስለሆነ ታገሥኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ምልክቱ፣ ነጠብጣቦቹ፣ 23 ሰከንድ፣ ከዚያም የእህቴ የይለፍ ቃል መጻፊያ ሳጥን። 26ኛው መልሴ ምስጋና ነው፤ የእያንዳንዱን ቁጥር እየጠራሁ አመሰገንኩ። የ9ኛዋን ሁለት ጊዜ።

በ27ኛው የፎርማቱ ሰው ተመለሰ። ሌሊቱን ሙሉ የፈጀሁትን ሥራ እሱ ባለው መንገድ በአንድ ሰዓት እጨርሰው እንደነበር፣ ሰዎች ቀላሉን ትተው ከባዱን እንደሚመርጡ በምሬት ጻፈ። 28ኛው ላይ የሦስተኛው መልስ ጸሐፊ በተመሳሳይ ኃይል መለሰለት። ስድብ ቀረሽ ነበርና አልደግመውም። የእኔ አስተያየት በ29ኛው ላይ ሰፍሯል፦ ባዶ ለሆነ ኮምፒውተር፣ ቅጂውም በሌላ ቦታ ላለ ሰው፣ ፎርማት ፈጣን መንገድ ነው፤ ሰውየው አልዋሸም። ምክሩን ያበላሸው መጠየቅ የነበረበትን ሳይጠይቅ መስጠቱ ነው።

30ኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ በአዲስ ሰው ተጻፈ። ያው ችግር፣ ያው ዑደት፣ የመመለሻ ነጥብ ግን የለውም። እሱም ሁለት መስመር ብቻ ነበር የጻፈው። መጀመሪያ የጠየቅሁት ዲስኩ ላይ ምን እንዳለና ቅጂ እንዳለው ነው፤ ቀጥዬ የ9ኛዋን መላ ነገርኩት። ያነበበው የፋይል ስም ከእኔ የተለየ ሆነ፤ ቢሆንም እሱም የፀረ-ቫይረስ ድራይቨር ነበር። 11ኛው፣ ያ የተቆጣኝ ሰው፣ ፋይሉን አይቶ አምራቾቹ ለዚሁ ጉዳይ የሚያዘጋጁት የራሱ የማስወገጃ መሣሪያ እንዳለ፣ ያለ ዊንዶውስ ኢንስቶለር በሴፍ ሞድ እንደሚሠራ ነገረው። ልጁ መሣሪያውን ከጓደኛው ኮምፒውተር በፍላሽ አምጥቶ በማግስቱ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ጻፈልን።

እኔም በዚያው ቀን በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ሁለት ነገር አደረግሁ። አሮጌውን ፀረ-ቫይረስ አነሳሁ፤ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ብቻ ቀረ። ከዚያ የሲስተሙን ቅንብር ከፍቼ፣ ውድቀት ሲደርስ ራሱን እንዲያስነሳ ከሚያዘው መስመር ፊት ያለውን ምልክት አነሳሁ። እህቴ አጠገቤ ቆማ ፍላሹ የት እንዳለ ጠየቀችኝ፤ አራተኛውን ምዕራፍ ልትቀጥል ነው።